ፊልም ሠርቶ ማሳያውንም መያዝ፦ የኃይሌ ገሪማ ሕይወትና ሥራ

ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ በያዘበት በዚህ ዘመን፣ አሶሳም ሆነ ባምባሲ፣ ፊልም መሥራት የሚመኝ ወጣት ማግኘት አይከብድም። ሠርጉን፣ ገበያውን፣ የዙምባራውን ጨዋታ የሚቀርጹ እጆች ብዙ ናቸው። ከዚያ አልፎ ታሪክ ጽፎ፣ ተዋናይ አሰልፎ ሙሉ ፊልም ልሥራ ሲባል ግን ሁለት ጥያቄዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ፊልሙ ካለቀስ በኋላ ማን ያሳየዋል?

ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ በሥራቸው መልስ ሲሰጡ የኖሩ ኢትዮጵያዊ አሉ፤ የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ«ጤዛ» ወይም በ«ሳንኮፋ» ነው። ፊልሞቹን የወደደ ተመልካች ግን እንዴት እንደተሠሩ፣ በማን ገንዘብ እንደተሠሩና እንዴት ተመልካች ዘንድ እንደደረሱ ላያውቅ ይችላል። ከፊልሞቹ እኩል ትምህርት ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሳቸውን ሕይወትና ሥራ ተከትሎ፣ ነጻ ፊልም ሠሪ መሆን በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ያብራራል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ላሉ ጀማሪዎች የሚጠቅመውንም ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጻ ፊልም ሠሪ የሚባለው ማን ነው?

አንድ ፊልም ከሐሳብ ተነሥቶ ተመልካች ዘንድ እስኪደርስ አምስት ደረጃዎችን ያልፋል። መጀመሪያ ታሪኩ ይጻፋል። ቀጥሎ ገንዘብ ይፈለጋል። ከዚያ ቀረጻው ይካሄዳል። የተቀረጸው ምስልና ድምፅ ተመርጦና ተቆራርጦ በቅደም ተከተል ይገጣጠማል፤ ኤዲቲንግ የሚባለው ይህ ነው። በመጨረሻ ያለቀው ፊልም ለሲኒማ ቤት፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለኢንተርኔት ይከፋፈላል።

በትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች አሠራር፣ እነዚህን ደረጃዎች ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ ነው። ታሪኩ ቢያስፈራው ያስቀይራል፤ ተዋናዩን ይመርጣል፤ መጨረሻው አላስደሰተኝም ካለ ሌላ መጨረሻ ያስቀርጻል። ዳይሬክተሩ ጎበዝ ቢሆንም በሰው ቤት እየሠራ ነው። ነጻ ፊልም ሠሪ የሚባለው እነዚህን ውሳኔዎች በራሱ እጅ ያስቀረ ነው። ይህ ነጻነት ዋጋ አለው፤ ገንዘቡን ፈልጎ የሚያመጣው፣ ኪሳራውንም የሚሸከመው ራሱ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን መንገድ የመረጡ ብዙዎች አሉ። በቱርክ የኢስታንቡሉ ኑሪ ቢልጌ ጄይላን እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ ሙሉ ፊልማቸውን «ካሳባ»ን ሲሠሩ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው የገዛ ቤተሰባቸውን አባላት ነበር ያስተወኑት። በዚያው ዓይነት ትዕግሥት ቀጥለው በ2014 «የክረምት እንቅልፍ» በተባለው ፊልም በፈረንሳይ የሚካሄደውን የካን ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰዱ። ከሳቸው በፊት ይልማዝ ጉኔይ እስር ቤት ሆነው በጻፉትና በሰጡት ዝርዝር መመሪያ፣ «ዮል» የተባለውን ፊልም ዳይሬክተር ሸሪፍ ጎረን ቀረጹላቸው። ጉኔይ ከእስር አምልጠው ኤዲቲንጉን በውጭ ሀገር ጨረሱ፤ ፊልሙም በ1982 የካንን ትልቁን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተካፈለ።

በሀገራችን «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1960ዎቹ ከታየ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ፊልም የመሥራት አቅም በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበር። የቪዲዮ ካሜራ ዋጋ ሲቀንስ ደግሞ በአዲስ አበባ የግል ፊልም ሠሪዎች በዙ። ኃይሌ ገሪማ ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። መንገዳቸው የጀመረው ከሀገር ውጭ ነው፤ ሥሩ ግን ጎንደር ነበር።

ከጎንደር እስከ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት በ1946 በጎንደር ከተማ ነው። እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት የተዋጉ፣ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፋቸው የጻፉ፣ ቴአትር ደራሲም ነበሩ። ልጁ የአባቱን ቴአትር እያየና በመድረኩ ላይ እየተሳተፈ አደገ። ታሪክን ጽፎ፣ ተዋናይ ሰብስቦ፣ ሕዝብ ፊት ማቅረብ በዚያ ቤት የተለመደ ሥራ ነበር።

በሌላ በኩል የከተማው ሲኒማ ቤት የሚያሳየው የውጭ ፊልም ነበር። ኃይሌ በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ደጋግመው እንደሚናገሩት፣ እሳቸውና ጓደኞቻቸው የታርዛን ፊልም ሲያዩ የሚያጨበጭቡት ለታርዛን ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉትን አፍሪካውያን እንደ ጠላት ያዩ ነበር። ራስን የሚያስንቅ ፊልም እየወደዱ ማደግ ምን እንደሚያደርግ ያስተዋሉት ቆይተው ነው። የኋላ ሥራቸውን ሁሉ ለመረዳት ይህን ማወቅ ይበቃል። ልጅ በሚያየው ስክሪን ላይ ማን ጀግና እንደሆነ የሚወስነው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው።

በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ማጥናት ጀመሩ። ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ሚና ጠባብና አሳናሽ መሆኑን ሲያዩ ትወናውን ትተው፣ በ1970 ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.፣ ተዛወሩ። ፊልም የተማሩት እዚያ ነው።

የገቡበት ጊዜ ልዩ ነበር። በ1965 የዋትስ ሰፈር ጥቁር ነዋሪዎች በፖሊስ በደል ምክንያት ከተነሡ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጥቁሮችና ለሌሎች ተገፍተው ለቆዩ ማኅበረሰቦች ልጆች የፊልም ትምህርት በሩን ከፍቶ ነበር። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቢሊ ውድቤሪ፣ ቤን ካልድዌል በዚያ ዘመን የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች የሆሊውድ ማዕከል በሆነችው ከተማ ተቀምጠው ሆሊውድን የማይመስል ፊልም ስለሠሩ፣ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ ላይ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» ብለው ሰየሟቸው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል፣ የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ፊልም በራሱ መመዘኛ መታየት አለበት የሚለውን ሐሳብ በጥናት ካደረጁት ምሁራን ዋነኛው ነበሩ።

ተማሪዎቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው የትምህርት ቤቱ ካሜራና እርስ በርስ መረዳዳት ነበር። አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዛል፤ ሌላው መብራት ያበራል፤ ሦስተኛው ይተውናል። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» ከቀረጹት አንዱ ቻርልስ በርኔት ናቸው። የነጻ ፊልም የመጀመሪያው ካፒታል ይህ ነው፤ ሥራ የሚዋዋሱ ጓደኞች።

«ቡሽ ማማ» በዋትስ የምትኖር፣ በመንግሥት ድጎማ ልጇን የምታሳድግና ባሏ ባልሠራው ወንጀል የታሰረባትን የዶሮቲን ኑሮ ይተርካል። ፊልሙ ሲከፈት ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ይህ የተተወነ ትዕይንት አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የቀረጻውን ቡድን በእውነት አስቁሞ ሲፈትሽ ካሜራው ይሠራ ነበር፤ ኃይሌም ምስሉን በፊልሙ ውስጥ አስገቡት። ሥራቸውን ያደናቀፈውን ድርጊት የሥራቸው አካል አደረጉት።

ገበሬው በስክሪን ላይ

ኃይሌ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1974 ክረምት፣ ካሜራ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ጊዜው የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የሚፈርስበት ነበር። በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋናዮች «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ፊልሙ በ1976 ወጣ፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለባላባት ያርሳል። አባት፣ እናት፣ አያትና ልጆች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ሲሠሩ ይውላሉ። ባላባቱ ኮፍያውን ደፍቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ይሳደባል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ በጎርፍ የተወሰደች የባላባቱን ላም ለማዳን ስትገባ ራሷ ትሞታለች። ከበበ የሚባል፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው የቀድሞ አርበኛ፣ ለሀገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ነው። እውነቱን የሚናገረውም በመጨረሻ በባላባቱ ላይ ዱላ የሚያነሣውም እሱ ነው።

ፊልሙ ለሚያየው ሰው መጀመሪያ ዝግ ያለ ይመስላል። ካሜራው ከጎሕ ጀምሮ ከገበሬው ጋር ይውላል፤ እርሻው፣ እንጨት ለቀማው፣ የከብቱ መንዳት በራሱ ጊዜ ያልፋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የስቱዲዮ ፊልም ተመልካች እንዳይሰለች በየደቂቃው አዲስ ነገር ያመጣል። ኃይሌ ግን ተመልካቹ የገበሬውን ቀን ርዝመት በራሱ ትከሻ ላይ እንዲሰማው ፈለጉ። ገንዘብ አውጥቶ «አሳጥረው» የሚላቸው አለቃ ስላልነበረ ይህን ማድረግ ቻሉ። ፊልሙ በስዊዘርላንድ በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ፤ ዛሬም ስለ አፍሪካ ፊልም በሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ይታያል። በዋና ከተማ ሳሎን ሳይወሰን ገጠሩን መሐል ላይ ያስቀመጠ ሥራ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ፊልም ሠሪ ልዩ ትርጉም አለው።

ሳንኮፋና የተዘጋው በር

ኃይሌ በ1975 ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ፣ ፊልም ማስተማር ጀመሩ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያስተማሩትም እዚያ ነው። ይህ ውሳኔ ከገንዘብ አንጻር ብዙ ነገር ያስረዳል። መምህርነቱ ቤተሰባቸውን አኖረ፤ ስለዚህ ፊልማቸው እንጀራ እንዲያመጣ ተገድደው የማያምኑበትን ታሪክ አልሠሩም።

በ1982 ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ሰላም ስላጣ ጥቁር ወታደር የሚተርከውን «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ»ን ሠሩ፤ በበርሊንም የፊልም ሐያሲያን ማኅበር ሽልማትን አገኘ። በዚያው ጊዜ ማይፈዱህ ፊልምስ የተባለ የራሳቸውን ማከፋፈያ ድርጅት አቋቋሙ። ፊልም ሠሪዎች በብዛት የሚረሱት ይህን ነው። ፊልሙን በነጻነት ሠርቶ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት፣ ነጻነቱን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

የድርጅቱ ጥቅም በደንብ የታየው በ«ሳንኮፋ» ነው። ሳንኮፋ የጋና አካን ሕዝብ ያለፈውን መለስ ብሎ ማንሣት እንደሚገባ የሚያስተምርበት ምልክት ነው። ፊልሙ ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የፋሽን ሞዴልን ይከተላል። ባሪያዎች ወደ መርከብ ይጫኑበት በነበረ የጋና ባሕር ዳር ምሽግ ውስጥ ፎቶ እየተነሣች ሳለ፣ ወደ ጥንቱ ዘመን ትወሰዳለች። ሾላ ተብላ፣ በእርሻ ላይ በባርነት የምትኖር ሴት ሆና ትነቃለች። ባሪያዎቹ በፊልሙ ውስጥ ዝም ብለው የሚገረፉ አይደሉም፤ ያስባሉ፣ ይመክራሉ፣ ያምፃሉ።

ለዚህ ፊልም ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ባርነትን በባሪያው ዓይን የሚያይ ታሪክ አልፈለጉም። ኃይሌ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከጀርመን ተቋማት ጋር ተባብረው፣ በጋናና በጃማይካ ጭምር ቀረጹ። ፊልሙ በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ውድድር ቀረበ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ትልቅ የአሜሪካ አከፋፋይ አልወሰደውም።

እዚህ ላይ ብዙ ፊልም ሠሪ ያቆማል። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ ፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ማስታወቂያው የተሠራው በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በጥቁሮች መጻሕፍት መደብርና በማኅበረሰብ ሬዲዮ ነበር። አዳራሹ ለብዙ ሳምንታት ሞላ። ከዚያ በየከተማው ያሉ ነዋሪዎች ኮሚቴ እያቋቋሙ፣ አዳራሽ እየተከራዩና ቲኬት እየሸጡ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት። ስቱዲዮ የዘጋውን በር ተመልካቹ ራሱ ከፈተ።

በዚህ መንገድ የተገኘው ገቢ ሌላ ነገር ወለደ። በ1990ዎቹ መገባደጃ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ሳንኮፋ የተባለ የመጽሐፍ፣ የቪዲዮና የካፌ ቤት ከፈቱ። ቤቱ ዛሬም ይሠራል። ደራሲያን መጽሐፋቸውን ያነቡበታል፤ ፊልም ይታይበታል፤ ወጣቶች ይወያዩበታል። በ2021 ደግሞ «ሳንኮፋ» ታድሶ፣ በዳይሬክተር ኤቫ ዱቨርኔይ በተመሠረተው አረይ በተባለ ድርጅት አማካይነት በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ አዲስ የተከፈተው የአካዳሚ ሙዚየም የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት ለኃይሌ ገሪማ ሰጠ። አከፋፋዮች አልፈልግም ያሉት ፊልም፣ ባለቤትነቱ ሳይለቀቅ ወደ 28 ዓመት ጠብቆ ለሰፊው ተመልካች ደረሰ። መብቱ በ1993 ለሌላ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ በ2021 የሚወስኑበት እሳቸው ባልሆኑ ነበር።

ጤዛ፣ የአንድ ትውልድ ታሪክ

በ1999 ኃይሌ «አድዋ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አወጡ። ድሉን በአዛውንት ትረካ፣ በሥዕልና በዜማ የሚያስታውስ ሥራ ነው። በ2008 ደግሞ «ጤዛ» መጣ።

«ጤዛ» አንበርብር የተባለ ምሁርን ይከተላል። አንበርብር ጀርመን ሄዶ ሕክምና ተምሯል፤ ሕዝቡን በሳይንስ ለመርዳት አልሟል፤ በአብዮቱ ዘመን ተመልሶ የደርግን ጭካኔ አይቷል፤ ጀርመን ውስጥ ደግሞ በዘረኞች ጥቃት አካሉን አጥቷል። በ1990 ወደ እናቱ መንደር፣ ወደ ጣና አካባቢ፣ ሲመለስ የቀረው ሰላም የሌለው ሕልም ነው። በዙሪያው ያሉ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። የተማረው ሰው ተምሮ ለማን ጠቀመ የሚለው ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ በሙሉ ይሄዳል። ፊልሙ ጭካኔውን ይናገራል፤ በዳይን በደፈናው «እነሱ» ብሎ ግን አያልፍም፤ የራሱን ትውልድ ይጠይቃል።

ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ መጨረሻው ቅጂ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ገንዘብ ነበር። በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ። በዚያው ዓመት በቱኒዚያ በካርቴጅ ፌስቲቫል የወርቅ ታኒት የተባለውን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ በሚካሄደው፣ የአፍሪካ ትልቁ የፊልም በዓል በሆነው ፌስፓኮ፣ የየነንጋ የወርቅ ፈረስ የተባለውን ትልቁን ሽልማት አሸነፈ።

የዚህ መንገድ ዋጋ በዓመታቱ ላይ ይታያል። ከ«አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» እስከ «ሳንኮፋ» 11 ዓመት፣ ከ«ሳንኮፋ» እስከ «ጤዛ» 15 ዓመት ነው። በመካከሉ ዘጋቢ ፊልሞች ቢኖሩም፣ በስቱዲዮ የሚሠራ ዳይሬክተር በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ፊልሞች ይጨርስ ነበር። ነጻነትን የመረጠ ሰው የሚከፍለው በዕድሜው ነው። ያም ሆኖ ከተሠሩት ፊልሞች አንዱም በሌላ ሰው ትእዛዝ አልተቆረጠም።

ሙያው በቤተሰብም ቀጥሏል። እኅታቸው ሰሎሜ ገሪማ በፕሮዲዩሰርነት ሠርተዋል። ልጃቸው መራዊ ገሪማ በ2020 «ሬዚዱ» የተባለውን የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙን ዋሽንግተን ውስጥ ባደገበት ሰፈር ሠርቶ በቬኒስ አሳይቷል። ፊልሙ ሰፈሩ በሀብታም አዲስ ገቢዎች ሲዋጥ የቀድሞ ነዋሪዎች ምን እንደሚያጡ ያሳያል። አባት ገበሬውን፣ ልጅ ሰፈሩን ቀረጹ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ቦታ መረጡ።

ይህ ለአሶሳ ምን ይጠቅማል?

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እሷ ስላለችበት ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሀገሪቱ ስክሪን ላይ የሚታየው በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፤ ጉባ ላይ የተገነባው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ፣ ወይም የግጭት ዜና። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ዕለታዊ ኑሮ፣ ቋንቋ፣ ቀልድና ትዝታ ግን በፊልም ብዙም አይታይም። የጎንደር ልጆች ለታርዛን ያጨበጨቡት የራሳቸው ታሪክ በስክሪን ላይ ስላልነበረ ነው። ዛሬ በአሶሳ የሚያድግ ልጅም ስልኩ ላይ የሚያየው በአብዛኛው ሌላ ቦታ የተሠራ ነው።

የክልሉ ታሪክ ደግሞ ለፊልም የሚሆን ጉዳይ ሞልቶታል። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበርታና የጉሙዝ መንደሮች በባሪያ ፈንጋዮች ክፉኛ ተጎድተዋል። ከዚህ አካባቢ የተወሰዱ ሰዎች ወደ ሱዳንም ወደ ደጋውም ተሸጠዋል። ባርነት በሕግ ከተከለከለ በኋላም ጠባሳው በአነጋገርና በንቀት ውስጥ ቆይቷል። «ሳንኮፋ» ለጥቁር አሜሪካውያን ያደረገውን፣ ማለትም የተሸጠውን ሰው ከነስሙ፣ ከነሐሳቡና ከነእምቢታው ማሳየት፣ ለዚህ ታሪክም ማድረግ ይቻላል። ያንን ፊልም ለመሥራት ከሁሉ የሚቀርቡት ታሪኩን ከአያቶቻቸው የሚሰሙ የክልሉ ልጆች ናቸው።

እንዴት ይጀመር ለሚል ሰው፣ ከኃይሌ መንገድ የሚወሰዱ አምስት ተግባራዊ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በእጅ ባለው መሣሪያ መጀመር ነው። ኃይሌ የመጀመሪያ ፊልሞቻቸውን የሠሩት በትምህርት ቤት ካሜራ ነው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሾን ቤከር በ2015 የወጣውን «ታንጀሪን»ን በአይፎን ቀርጸው ነበር፤ በ2024 ሌላ ፊልማቸው የካንን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። በስልክ ሲቀረጽ ተመልካች ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማ ግን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለማይክሮፎን ይዋል።

ሁለተኛ፣ ቡድን ማቋቋም ነው። አምስት ጓደኞች ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ፊልም ቢያግዙ፣ አምስት አጫጭር ፊልሞች ይወጣሉ። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበባትና የባህል ቡድኖች ለዚህ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ሰዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ መቅረጽ ነው። በበርታ ቋንቋ የተሠራ ፊልም የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ቢገባለት አዲስ አበባም ይታያል። ገጸ ባሕርዩ በማያልምበት ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ግን ትወናውን ያደርቀዋል።

አራተኛ፣ ፈቃድና ክብር ነው። የተበደሉ ሰዎችን ታሪክ የሚቀርጽ ሰው፣ ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ማማከር፣ ተራኪው እንዲወጣ የማይፈልገውን መተውና ያለቀውን ፊልም መጀመሪያ ለባለታሪኮቹ ማሳየት ይገባዋል። ግጭት ባየ አካባቢ ደግሞ አንድን ሕዝብ በደፈናው በዳይ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ሰው ሊያስጎዳ ይችላል። «ጤዛ» ለራሱ ወገን ያነሣው ዓይነት ጥያቄ እዚህም ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ማሳያውን አስቀድሞ ማሰብ ነው። በሃዋርድ ፊት ለፊት ያለው ቤት የተጀመረው ተመልካቹን በማወቅ ነው። በክልሉም የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የወጣት ማእከል፣ በገበያ ቀን በፕሮጀክተር የሚሰቀል ነጭ ጨርቅ፣ እነዚህ ሁሉ ሲኒማ ቤት መሆን ይችላሉ። ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ለመጫን ወይም ለሌላ ለመስጠት ሲታሰብ፣ መብቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ አንድ ወረቀት ከብዙ ዓመት በኋላ ያለውን ዕድል ይወስናል።

ክልሉም ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። አዳራሽ ያለ ኪራይ መስጠት፣ ፕሮጀክተር ማዋስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የክልሉ ወጣቶች አጫጭር ፊልሞች የሚታዩበት ቀን መወሰን ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ፌስፓኮ ራሱ በ1969 ሲጀመር፣ በድሃ ሀገር ከተማ ጥቂት የፊልም ወዳጆች የጠነሰሱት ትንሽ ዝግጅት ነበር።

የኃይሌ ገሪማ ሕይወት ለጀማሪ ቀላል መንገድ ቃል አይገባም። ዘጠኝ ዓመት ገንዘብ መለመን፣ አሥር ዓመት አንድ ታሪክ ይዞ መቆየት፣ በር ሲዘጋ አዳራሽ መከራየት አድካሚ ነው። ግን ፊልሞቹ ዛሬም በባለቤታቸው እጅ ናቸው፤ ማን እንደሚያያቸው፣ መቼና የት እንደሚታዩ የሚወስኑት የሠሯቸው ሰዎች ናቸው። ከአሶሳ የሚነሣ ፊልም ሠሪም ከሁሉ በፊት ሊጠብቀው የሚገባ ሀብት ይህ ነው። የመጀመሪያውን አጭር ፊልም ሠርቶ፣ መብቱን በስሙ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሰፈር ሰዎች ፊት ቢያሳየው፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ማንስ ያሳየዋል ለሚሉት ጥያቄዎች የራሱን መልስ መስጠት ጀምሯል።